ቫልቩ ከተተካ በኋላ የጅሬን ዳገት መቼ ይወጣል?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት መምህር ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። በልጅነቴ ቶንሲል በተደጋጋሚ ያመኝ ነበር፤ ካደግኩ በኋላ በዚያው ሰበብ ሚትራል የሚባለው የልብ ቫልቬ መጎዳቱ ታወቀ። ከ15 ሳምንት በፊት አዲስ አበባ በተደረገልኝ ቀዶ ሕክምና ቫልቩ ወጥቶ በሰው ሠራሽ (ሜካኒካል) ተተካ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ወርኃዊውን የፔኒሲሊን መርፌም አላቋረጥኩም፤ ጎመን ከመድኃኒቱ ጋር አይስማማም ስለተባልኩ ፈጽሞ ትቼዋለሁ። ከመታመሜ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ከመምህራን ጋር ኳስ እጫወት፣ ከጨዋታውም በኋላ አልፎ አልፎ አብሬያቸው ጫት እቅም ነበር፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ጅሬንን በእግሬ እወጣ ነበር። አሁን እናቴ «አዲሱ ቫልቭ በእንቅስቃሴ ያልቃል» እያለች ከአልጋና ከወንበር እንዳልርቅ ትከለክለኛለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ሳልነግራት ወጥቼ የጅሬንን ዳገት ጀመርኩት፤ መንገዱን ሳላጋምስ ልቤ እንደ ከበሮ መታ፣ ትንፋሼ ተቆራረጠ፣ የቫልቩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ በጆሮዬ አስተጋባ። ቁጭ ብዬ ካረፍኩ በኋላ በባጃጅ ተመለስኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ደረጃ መውጣት እንኳ ያስፈራኛል። ወደ ስፖርት መመለስ እችላለሁን? ኳስስ?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ከሁሉ አስቀድሜ የሚያስጨንቅዎትን ልመልስ። አዎን፣ ወደ እንቅስቃሴ መመለስ ይችላሉ፤ እንዲያውም መመለስዎ የሕክምናዎ አንድ ክፍል ነው፣ ያለ እርሱ ቀዶ ሕክምናው ሊሰጥዎ የሚችለው ጥቅም ብዙው መንገድ ላይ ይቀራል። ስለ ቅዳሜው ኳስ ያለኝ መልስ ግን የተለየ ስለሆነ በስፍራው እመጣበታለሁ። ጅሬን ላይ የደረሰብዎት ነገር ልብዎ መንቀሳቀስ እንደማይችል ማስረጃ አድርገው እንዳይወስዱት አደራ እላለሁ። ለአሥራ ሁለት ሳምንት ከአልጋና ከወንበር ያልራቀ ሰው፣ ሰውነቱን ሳያሟሙቅ፣ በጅማ ዙሪያ ካሉት አድካሚ መንገዶች በአንዱ ጉዞ ሲጀምር ማንም ቢሆን የሚያጋጥመው ነገር ነው፤ መጨረሻ ላይ መምጣት የነበረበት ፈተና መጀመሪያ ላይ መጣ።

በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን ስረዳ ደጋግሜ የማየው አንድ አለመግባባት አለ፤ ቫልቩ የተተካ ዕለት ሰውነቱ በሙሉ የታደሰ ይመስላቸዋል። ሚትራል ቫልቭ በግራው ልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለ በር ነው። ቶንሲልን ተከትሎ በሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት ሲጎዳ ይጠባል ወይም ያፈሳል፤ ወደ ፊት መሄድ ያቃተው ደም ወደ ሳንባ ስለሚጠራቀም በሳንባ ደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ይኖራል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሕመምተኛው ሳይታወቀው እርምጃውን ያሳጥራል፣ ዳገቱን ይተዋል፣ ለአጭር መንገድም ባጃጅ ይይዛል፤ የእግሩ ጡንቻ በዚያው ልክ ይሳሳል። ቀዶ ሕክምናው በሩን በአንድ ቀን ይቀይረዋል። የሳንባው ግፊት ለመውረድ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ በቀዶ ሕክምናው የፈሰሰው ደም እስኪተካ የደም ማነስ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ የሳሳው ጡንቻ ደግሞ ካልሠራ በቀር አይመለስም። የሳሳ ጡንቻ ዳገት ላይ ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል፤ ያልሠለጠነ ልብም ይህን ለማሟላት ያለው ዋነኛ ዘዴ ቶሎ ቶሎ መምታት ነው። የሰሙት ከበሮ በአብዛኛው ይኸው ነው።

በአብዛኛው ያልኩት አስቤበት ነው። ሚትራል ቫልቭ ለረጅም ጊዜ ሲጎዳ የግራው ልብ የላይኛው ክፍል ስለሚሰፋ፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ከቫልቭ ቀዶ ሕክምና በፊትም ሆነ በኋላ በብዙ ሰዎች ላይ ይታያል። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ሁለት ጣትና አንድ ሰዓት ነው። ጣቶችዎን ከአውራ ጣትዎ ሥር ባለው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፈው አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ምቱ ቢፈጥንም እንኳ እኩል እኩል የሚሄድና ሲያርፉ ቀስ በቀስ የሚወርድ ከሆነ ከላይ የገለጽኩት ዓይነት ነው። አንዴ ረዘም፣ አንዴ አጠር፣ ምንም ሥርዓት የሌለው ሆኖ ካገኙት ግን በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ኢሲጂ (የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ) ይነሡ። ይህን ቆጠራ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ ልማድ ቢያደርጉትና በደብተር ቢጽፉት ለሐኪምዎም ለእርስዎም ትልቅ መረጃ ይሆናል።

ስለዚህ ጫማዎን ከማሰርዎ በፊት ወደ ክትትል ሐኪምዎ ይሂዱ፤ ክትትልዎ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ይሁን በአዲስ አበባ፣ ጥያቄዎን አስቀድመው ጽፈው ይያዙ። «ስፖርት መሥራት እችላለሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ «ቀስ እያልክ» የሚል መልስ ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ ያም መልስ ስንት ደቂቃ፣ በምን ፍጥነት፣ በየትኛው መንገድ የሚለውን አይነግርዎትም። ይልቅስ ይህን ይጠይቁ፦ በመጨረሻው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የልቤ ደም የመግፋት አቅም ስንት ሆነ፣ አዲሱ ቫልቭ በደንብ ይከፈታልን፣ ዙሪያውን የሚያፈስበት ቦታ አለን፣ የሳንባዬ ግፊት ወርዷልን፣ የልብ ምቴ ሥርዓቱን ይዟልን፣ የደም ማነስ መኖሩን የሚያሳየው ሄሞግሎቢኔስ ስንት ነው። ዋርፋሪን የደምዎን መርጋት ምን ያህል እንዳዘገየ የሚለካውን አይኤንአርዎንም ይጠይቁ፤ በሚትራል ቦታ ሜካኒካል ቫልቭ ላላቸው ሰዎች ዒላማው ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው፣ የእርስዎን የሚወስነው ግን የሚያውቅዎት ሐኪም ነው። መልሶቹ መልካም ከሆኑ ከዚህ በታች የምጽፈውን መጀመር ይችላሉ። የልብዎ አቅም ደከም ያለ ወይም የሳንባው ግፊት ገና ከፍ ያለ ቢሆንም መንቀሳቀስ አይከለከሉም፤ መጠኑ ይቀንሳል፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም በባለሙያ ዓይን ሥር ይሆናሉ።

በዚያው ጉዞዎ የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና እንዲሠራልዎት ይጠይቁ። የሚፈልገው 30 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ኮሪደር፣ ሰዓትና አንድ ባለሙያ ብቻ ነው፤ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በራስዎ ፍጥነት ስንት ሜትር እንደሄዱ ይለካል፣ በፊትና በኋላም የልብ ምትና የደም ግፊት ይታያል። ቁጥሩን ይያዙትና ከሁለት ወር በኋላ ይድገሙት። ፍርሃት ያደረበት ሰው የራሱን ስሜት ማመን ያቅተዋል፤ የጨመረ ሜትር ግን በዓይኑ የሚያየው ነገር ነው።

አሁን ስለ እናትዎ። እናትዎ የሚሉት ነገር ከየትም የመጣ እንዳይመስልዎት፤ በአንድ ዘመን የዓለም ታላላቅ ሐኪሞችም እንዲሁ ይሉ ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዘው ሰው ለሳምንታት ጀርባው ላይ ተኝቶ እንዲቆይ፣ አንዳንዴም በሰው እጅ እንዲጎርስ ይታዘዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በቦስተን ይሠሩ የነበሩት ሐኪሞች ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን እንዲህ ያሉትን ሕሙማን ከአልጋ አንሥቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚሻል ጽፈው ባሳተሙ ጊዜ ሐሳባቸው ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ወንበሩ ራሱ በዚያን ጊዜ ድፍረት ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በአልጋ የዋለ ሰው ጡንቻው እንደሚሟሽሽ፣ በእግሩ ደም ሥሮች ውስጥ ደም እንደሚረጋ፣ ሳንባው በሚገባ እንደማይነፋ ስለታወቀ፣ ዛሬ የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሁኔታው ከፈቀደ በማግሥቱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም በኮሪደሩ ይራመዳል። እርስዎም በሆስፒታል ሳሉ እንዲሁ ሳያደርጉዎት አልቀረም፤ ያን ለእናትዎ ያስታውሷቸው።

«ቫልቩ ያልቃል» ለሚለው ሥጋታቸው ደግሞ አንድ ስሌት እነሆ። የሰው ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ገደማ ይመታል፤ ተኝተው ቢውሉም ቫልቩ ይህን ያህል ጊዜ መከፈቱና መዘጋቱ አይቀርም፣ የተሠራውም ይህን ለብዙ ዓመታት እንዲችል ነው። በእረፍት ላይ በደቂቃ 80 የሚመታ ልብ በእግር ጉዞ 110 ቢደርስ፣ የሠላሳ ደቂቃ ጉዞ የሚጨምርበት 900 ምት ነው። በአንጻሩ አዘውትሮ የሚንቀሳቀስ ሰው የእረፍት ምቱ ከጊዜ በኋላ ይቀንሳል፤ በደቂቃ አምስት ምት ብቻ ቢቀንስ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ 7,200 ምት ይተርፋል። መምህር ስለሆኑ ይህን ስሌት ከእኔ በተሻለ ያስረዷቸዋል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ የምመክርዎት ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብረዎት እንዲሄዱ እንዲጋብዟቸው ነው። ተደብቀው መውጣትዎ ለእርስዎም ለእርሳቸውም አደገኛ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ቢወድቁ የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በደረትዎ ውስጥ ሁለት ዓይነት ድምፅ ሊኖር ስለሚችል ልዩነታቸውን ማወቅ ይገባዎታል። የመጀመሪያው የቫልቩ ድምፅ ነው። ጠንካራ ክንፎቹ ሲዘጉ ቀጭ ይላሉ፤ ልብ ሲፈጥን ድምፁም ይፈጥናል፣ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ወይም ከደከሙ በኋላ ጎልቶ ይሰማል። ዳገቱ ላይ ያስደነገጥዎት ይህ ድምፅ በእውነቱ ቫልቩ ሥራውን እየሠራ መሆኑን የሚነግር ነው። ሊያሳስብዎት የሚገባው በተቃራኒው ጥርት ያለው ድምፅ ድንገት ሲታፈን ወይም ሲጠፋ ነው፤ በቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ያን ጊዜ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሁለተኛው ድምፅ ከአጥንት የሚመጣ ነው። ለቀዶ ሕክምናው የተከፈተው የደረትዎ አጥንት በሽቦ ታስሮ ነው የተዘጋው፤ ሽቦው በዚያው ይኖራል፣ አጥንቱም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ በሚገባ ይያያዝና እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ መጠንከሩን ይቀጥላል። መዳፍዎን በጠባሳው ላይ ጫን አድርገው ያስሉ፤ ከእጅዎ ሥር አጥንት ሲንቀሳቀስ ወይም ቋ ሲል ከተሰማዎት አልገጠመም ማለት ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሐኪሙ ሳያይዎት ምንም ክብደት አያንሡ። ይህ ከሌለ በአሥራ አምስተኛው ሳምንት ላይ እጅዎን ወደ ላይ ለመዘርጋትና ትከሻዎን ለማንቀሳቀስ የሚያግድዎት ነገር የለም። ብዙ ሰዎች ጠባሳውን ለመከላከል ትከሻቸውን ወደ ፊት አጉብጠው መሄድ ይለምዳሉና ቀና ብለው ይሂዱ።

ወደ ጉዞው እንምጣ። ከተማችን በአወይቱ ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋችበት ዝቅተኛው ክፍል ለጀማሪ ምቹ ነው፤ ዳገት የሌለበትና በፈለጉበት ቦታ ቁጭ የሚሉበት መንገድ ይምረጡ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ይበቃዎታል። ይህ ትንሽ መስሎ ሊያስከፋዎት ይችላል፣ ነገር ግን የሚፈለገው ድካም ሳይሆን ልማድ ነው። ከዚያ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ሁለት ደቂቃ እየጨመሩ ይሂዱ፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት ሠላሳ ደቂቃ ሳያርፉ ለመሄድ ይደርሳሉ። አንድ ቀን ከበድ ካለዎት በማግሥቱ ወደ ቀደመው መጠን ዝቅ ይበሉ፤ ከጉዞው በኋላ ያለው ድካም ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ወይም በማግሥቱ ጠዋት ካላለቀ መጠኑ በዝቷል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ቀስ ብለው ይሂዱ፣ ሲጨርሱም እንዲሁ ቀስ ብለው አምስት ደቂቃ ይጨምሩ እንጂ ድንገት አይቁሙ፤ ድንገት ሲቆሙ ደሙ እግር ላይ ስለሚቀር ያዞራል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ቢኖራትም እርስዎ የለመዱት አየር ስለሆነ ይህ አያሳስብዎት። ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ሲከብድ ደግሞ የትምህርት ቤትዎ በረንዳ ይበቃል፤ ርዝመቱን በእርምጃ ለክተው ደርሶ መልሱን ይቁጠሩ።

ፍጥነቱን በምን ይለኩት? ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ሰዎች የልብ ምት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ስለሚታዘዙላቸው የምት ቁጥር ብቻውን ያታልላል፤ ሰውነት ደክሞ ሳለ ምቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ከቁጥር ይልቅ ትንፋሽ ይሻላል። የጅማ ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላምታው ረጅም ነው፤ የራስን፣ የቤተሰብን፣ የሥራን ደኅንነት ጠይቆ ሳይጨርስ አይለያይም። ይህን ሰላምታ እየተራመዱ ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ ከጨረሱት ፍጥነቱ ልክ ነው፤ በየሁለት ቃሉ አየር መሳብ ካስፈለገዎት ይቀንሱ፤ መዝፈን እስኪችሉ ድረስ ከቀለለዎት ደግሞ ትንሽ መጨመር ይቻላል። እኛ ባለሙያዎች ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ባዘጋጀው ከ6 እስከ 20 በሚሄድ የድካም መለኪያ እንጠቀማለን፤ 6 ምንም ድካም የሌለበት፣ 20 የመጨረሻው ጥግ ሲሆን፣ ለእርስዎ አሁን የሚስማማው ከ11 እስከ 13 ያለው፣ «ቀላል» ከሚለው እስከ «ትንሽ ከበድ ያለ» የሚደርሰው ነው።

ጡንቻን ለማጠንከር በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር መነሣትና መቀመጥን አሥር አሥር ጊዜ ይሥሩ፣ ግድግዳ ተደግፈው ይግፉ፣ ውኃ የሞላ የሁለት ሊትር ጠርሙስ በእጅዎ ያንሡ። ሲያነሡ ትንፋሽ አይያዙ፤ ትንፋሽ ይዞ መግፋት በደረት ውስጥ ያለውን ግፊትና የደም ግፊትን በድንገት ከፍ ያደርጋል። በየቤቱ ያለው ቢጫ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ለጊዜው ሩቡን ብቻ ሞልተው ይጀምሩና ክብደቱን በወራት ያሳድጉት፣ በአንድ እጅ ብቻ አንጠልጥሎ መሄድን ግን ይተዉ።

ስለ ኳስ በግልጽ ልናገር። በሁለት ቡድን ተከፍሎ ለመሸናነፍ የሚደረገውን ጨዋታ አይመለሱበት። ምክንያቱ ልብዎ አይችልም ከማለት አይደለም፤ ኢኮዎ መልካም ከሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ ቀላል ሩጫ እንኳ ሊፈቀድልዎት ይችላል። ምክንያቱ ዋርፋሪን ነው። በኳስ ጨዋታ ክርን ፊት ላይ ያርፋል፣ ሁለት ሰዎች ለአንድ ኳስ ሲዘሉ ጭንቅላት ከጭንቅላት ይጋጫል፤ ለሌላው ሰው እብጠት ሆኖ የሚያልፈው ምት ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው በጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል፣ ምልክቱም ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የጅማ አባ ጅፋር እግር ኳስ ክለብ በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ባነሣበት ከተማ ይህን ለኳስ ወዳድ መጻፍ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስ የሚያሰኝዎትን ከምጽፍ እውነቱን ብጽፍ እመርጣለሁ። ኳሱን ግን ከእግርዎ ማራቅ የለብዎትም። ከአንድ ጓደኛዎ ጋር ሜዳው ዳር ቆሞ መቀባበል፣ በኮኖች መካከል መንዳት፣ የተማሪዎችዎን ቡድን ማሠልጠን፣ ይህ ሁሉ ግጭት የሌለበት ነው። በቴስታ መምታትን ይተዉ። በማንኛውም አጋጣሚ ጭንቅላትዎን ከተመቱ ደግሞ ምንም ባይሰማዎትም እንኳ በዚያው ቀን ሐኪም ይይዎት፤ ዋርፋሪን እንደሚወስዱ የሚገልጽ ወረቀትም ከኪስዎ አይለይ።

እንቅስቃሴ ሲጀምሩ ጡንቻዎ ይታመማል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በየፋርማሲው የሚገኙ ማስታገሻዎች ቢሆኑም ከዋርፋሪን ጋር ሲደመሩ የጨጓራና የአንጀት መድማት ያመጣሉ፤ አስፕሪንም ሐኪም ካላዘዘልዎ እንዲሁ ነው። በልኩ የሚወሰድ ፓራሲታሞል ይበቃል። ወደ ወጌሻ ሄደው አይታሹ፣ ዋግምትም አይደረግልዎት፤ ጡንቻ ውስጥ የሚፈሰው ደም እግርን አሳብጦ ለሳምንታት ሊያስተኛዎት ይችላል። ጎመንን በተመለከተ የተሰጠዎት ምክር በመንገድ ላይ የተዛባ ይመስለኛል። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል፤ ችግር የሚያመጣው ግን አንድ ሳምንት ትቶ በሌላው ሳምንት አብዝቶ መብላት ነው። መጠኑ በየሳምንቱ ተመሳሳይ ከሆነ የመድኃኒቱ መጠን ከአመጋገብዎ ጋር ይስተካከላል። እንደገና ሊጀምሩት ሲሆን ለሐኪምዎ ይንገሩና አይኤንአርዎን በሳምንቱ ያስለኩ።

የፔኒሲሊኑ መርፌ ቫልቩ ከተተካም በኋላ ይቀጥላል፤ የቀሩትን የራስዎን ቫልቮች ከሌላ የሩማቲክ ትኩሳት የሚጠብቅልዎት እርሱ ነው። መርፌውን በባዶ ሆድ አይወጉ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ተኝተው ይወጉና የተወጋውን ቦታ ለጥቂት ደቂቃዎች ጫን ብለው ይያዙ። በዚያ ቀን ስፖርቱ ይቅር።

ጫቱንም ይተዉት፤ በዚህ ላይ አማካይ መንገድ ልፈልግልዎት አልችልም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብን ምትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ድካምንም ስለሚደብቅ ከላይ የነገርኩዎትን የትንፋሽ መለኪያ ከንቱ ያደርገዋል። ከቅዳሜው ጨዋታ በኋላ ከጓደኞችዎ ጋር መቀመጥ ከፈለጉ ቡና ይጠጡ፤ ልብዎን የሚያስደነግጠው ካልሆነ አንድ ሁለት ስኒ አይከለከልም።

በጉዞ ላይ ሳሉ የደረት ሕመም፣ ራስን የመሳት ስሜት ወይም ሥርዓት የሌለው ምት ከመጣ ወዲያው ይቁሙ፤ ካረፉም በኋላ ካላለፈ ወደ ሕክምና ይሂዱ። የፊት መጣመም፣ የአንድ እጅ መዛል ወይም የአንደበት መያዝ ከታየ ለአፍታም አይጠብቁ። ክብደትዎ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረ፣ እግርዎ ካበጠ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠረዎት ልብዎ ውኃ እየያዘ ነውና ሐኪምዎ ይወቅ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ የውስጥ መድማት ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ደግሞ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው ሰው ተራ ነገር አይደለም፤ በቫልቩ ላይ ኢንፌክሽን ሰፍሮ ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ሳይደረግልዎ በራስዎ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ገዝተው አይጀምሩ። ጥርስ ከመነቀልዎ በፊትም ለጥርስ ሐኪሙ ቫልቭ እንዳለዎት ይንገሩ።

ስለ ፍርሃቱ ጥቂት ልጨምር። በዴንማርክ የቫልቭ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 147 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ለ12 ሳምንት በታቀደ የአካል እንቅስቃሴና በምክር አገልግሎት ያሳለፈ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። የተንቀሳቀሱት ሰዎች የሰውነት አቅም ጨመረ፤ የአእምሮ ደኅንነት መለኪያቸው ግን ከሌሎቹ አልተለየም። እኔ ከዚህ የምረዳው ሰውነት ሲጠነክር ፍርሃት በራሱ ይጠፋል ብሎ መጠበቅ እንደማይገባ ነው። ደረጃውን የፈሩት ልብዎ ስለደከመ ብቻ አይደለም፤ ዳገቱ ላይ ብቻዎን ሆነው ሞትን ስላሰቡ ነው። ይህን ለሐኪምዎ፣ ለእናትዎ፣ እንዲሁም ከእርስዎ በፊት ይህን ቀዶ ሕክምና ላደረገ ሰው ይንገሩ፤ በክትትል ቀን በመጠባበቂያው ወንበር ላይ አጠገብዎ የሚቀመጠው ሰው ደረት ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ሊኖር ይችላል። እንቅልፍ ማጣቱና ማዘኑ ከሳምንታት በላይ ከቀጠለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየትም የዚሁ ሕክምና ክፍል ነው።

ጅሬንን ደግሞ እንዲህ ይውጡት። በሜዳ ላይ አርባ አምስት ደቂቃ ያለ ችግር መሄድ ከቻሉና ሐኪምዎ ከፈቀደ በኋላ፣ መጀመሪያ ደረጃ መውጣትን ይልመዱ፤ ቀጥሎም በሠፈርዎ ያለ አጭር አቀበት ይሞክሩ። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት መንገዱ ደረቅ ሲሆን ከእናትዎ ጋር በባጃጅ እስከ ቤተ መንግሥቱ ድረስ ይውጡና ቁልቁለቱን ጥቂት በእግርዎ ይውረዱ፤ ቁልቁለት ለልብ ይቀላል፣ ለጭንና ለጉልበት ግን ይከብዳልና እንዳይወድቁ አረማመድዎን ይጠብቁ። በሚቀጥለው እሑድ ከመድረሻው አምስት ደቂቃ የሚቀረው ቦታ ላይ ከባጃጁ ወርደው የቀረውን በእግርዎ ይጨርሱ፤ በሦስተኛው አሥር ደቂቃ ይቅርዎት። እንዲህ እያሉ የሚወርዱበትን ቦታ ወደ ከተማው ያቅርቡት። እናትዎ በባጃጁ ቀድመው ይሂዱና ከላይ ሆነው ይጠብቁዎት፤ ሲደርሱ ረጅሙን ሰላምታ ሳያቋርጡ ይስጧቸው።